ስልሳ ሞልቶሽ ዳር ከተማ ስትገቢ፤ ሳምንቱን እንዴት ትይዢዋለሽ?

ዕድሜሽ መጀመሪያ የሚነገርሽ ታክሲ ውስጥ ነው። ረዳቱ «ማዘር፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ» ብሎ አንዱን ወጣት ያስነሳልሻል። እኔ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስሄድ ነው የገጠመኝ። ሆዴ ባር ባር አለኝ። ልጁ በአክብሮት ነው የተነሳው፣ እኔ ግን እስክወርድ ድረስ በመስኮቱ ፊቴን ሳይ ነበር። አሁን ቢሆን የምልሽ ይሄን ነው፦ ተቀመጪ፣ ልጁንም መርቂው። ሽበትሽን ሂና ብትቀቢውም ባትቀቢውም የራስሽ ጉዳይ ነው፤ ዕድሜሽን ሲጠይቁሽ ግን ሳትቀንሺ ተናገሪ።

ይህን የምጽፈው ጡረታ ለወጣሽ ወይም ልጆችሽ ትዳር ይዘው ለሄዱልሽ፣ ከመሃል ከተማ ርቀሽ ኮንዶሚኒየም ለገባሽ እህቴ ነው። ቱሉ ዲምቱም ሁኚ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬም ሁኚ የካ አባዶ፣ ነገሩ ያው ነው። ሠራተኛው በጠዋት ሰርቪስ ይዞ ይወጣል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ ከዚያ ብሎኩ ጭር ይላል። በድሮው ሰፈር ቡና ሲፈላ ጎረቤት በአጥር ይጠራ ነበር፤ እዚህ በሩ ሁሉ ብረት ነው። ከጉልበት ሕመም ይልቅ የሚከብደው፣ ብትቀሪ «ዛሬ የት ቀረች?» የሚል ሰው ማጣት ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራሽ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የሚጠብቅሽ ሰው እንዲኖር ማድረግ ነው።

ከእድር ጀምሪ። የድሮውን እድርሽን አትተዪ፣ ስንት ዓመት የከፈልሽበት ነው፤ ግን አዲሱ ሰፈር ውስጥም ተመዝገቢ። ተመዝግበሽ ደግሞ ወርሃዊውን ብቻ ከፍለሽ አትመለሺ። የዕቃ ክፍሉን እኔ ልያዝ በያቸው። ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን ቆጥሮ የሚያስረክብና የሚረከብ ሰው ሁሌም ይፈለጋል፣ ወጣቶቹ ደግሞ ጊዜ የላቸውም። ቁልፉ አንቺ ጋ ሲሆን በርሽ ይንኳኳል። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ብሎክ ሙሉ ሰው የማውቀው በዚህ ቁልፍ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ እጅሽ ላይ ያለውን ሙያ አውጪው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን «እኔ ምን አውቃለሁ» እንላለን። በርበሬ ማዘጋጀት ታውቂያለሽ? ብሎክሽ ውስጥ ካሉት ወጣት ሴቶች አብዛኞቹ አያውቁም፣ ቢያውቁም ማስጫ ቦታና ቀን የላቸውም። አራት አምስት ሆነው ገንዘብ ያዋጡ፣ አንቺ ዛላውን መርጠሽ ግዢ። ቅዳሜ ኮሚናሉ (የነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ውስጥ ሰብስቢያቸውና አብራችሁ ቀንጥሱት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ጤና አዳሙን ጨምሮ መደለዙን አሳዪያቸው፤ ማሳየት ስልሽ ደግሞ እነሱ እየሠሩ አንቺ ተቀምጠሽ ማለቴ ነው፣ ወገብሽን ጠብቂ። ከዚያ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልጋል፣ ያም አንቺ ነሽ፣ ፀሐዩም ላንቺ ጥሩ ነው። ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ ገብቶ ወፍጮ ቤት እስኪሄድ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በነዚያ ሳምንታት ውስጥ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ባል ሥራ እንደለቀቀ ሁሉ ትሰሚያለሽ፣ ምክርም ትጠየቂያለሽ። የድካምሽን ደግሞ አስከፍዪ። ዋጋ ስትናገሪ አትፈሪ፣ ጎረቤት ናቸው ብለሽም በነፃ አትልመጂ፤ የተከፈለበት ሥራ ይከበራል። ያንቺ ሙያ በርበሬ ካልሆነ ፈትል ይሁን፣ አራስ መጠየቅና ገንፎ ማገንፋት ይሁን፣ ወይም ሠላሳ ዓመት ያስተማርሽው ሒሳብ።

የልጅ ልጆችን በተመለከተ ጠንከር በይ። እወዳቸዋለሁ፣ ቤቴ ሲሞላ ደስታዬ ነው። ግን «እማዬ ጡረታ ወጥታለች፣ ምን ሥራ አላት» ከተባለ ሳምንቱ በሙሉ ይወሰድብሻል። ቀን ቁረጪ። «ሰኞና ረቡዕ እኔ ጋ ይዋሉ፣ ማክሰኞ አልችልም» በዪ። ልጄ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፣ አሁን ደውላ ማክሰኞዬ እንዴት እንደዋለ ትጠይቀኛለች።

ስለ ሰውነትሽም በግልጽ እናውራ። ካረጥሽ በኋላ አጥንት ቶሎ ይሳሳል፣ ሆርሞኑ ስለሚቀንስ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል ሞቅ ያለ የእግር ጉዞ ይመከራል፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ለአምስት ቀን ማለት ነው። ዳር ከተማ ለዚህ ይመቻል፣ ጠዋት መንገዱ ሰፊ ነው፣ አየሩም ንጹህ ነው። ብቻሽን አትሂጂ፣ አንዲት ጓደኛ ያዢ፤ እሷም የምትጠብቅሽ ሰው ትሆናለች። ደረጃ ላይ በነጠላ ጫማ አትውረጂ። ደም ግፊትሽን ምንም ባያምሽም ተለኪ፣ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። አንድ ነገር ግን በደንብ ስሚኝ፦ የወር አበባ ከቆመ ዓመት አልፎ እንደገና ደም ካየሽ፣ ጥቂት ቢሆንም፣ «የዕድሜ ነው» ብለሽ አትተዪው። በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ። አፍረው የቆዩ ሴቶች አውቃለሁ፣ አሁንም ሳስባቸው ያመኛል።

ገንዘብሽን ራስሽ ያዢ። ቴሌብርም ሆነ የባንክ መተግበሪያ መጠቀም ተማሪ፣ ልጅሽ ወይም የጎረቤት ተማሪ አጠገብሽ ተቀምጦ ያሳይሽ፣ አንቺ ግን በራስሽ ጣት ንኪው። የሚስጥር ቁጥሩን ለማንም አትስጪ፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ላለሽም ቢሆን።

«አሁን ምን ልጀምር፣ አርፍዷል» ለምትዪኝ፣ ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አስቢ። በ1916 ዓ.ም. ተወልደው በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ነው ያረፉት። የፒያኖ ሥራቸው በዓለም ዙሪያ በሰፊው የተሰማው ሰማንያን ካለፉ በኋላ ነው። እሳቸው ግን ፒያኖውን ጨርሰው አልተዉትም ነበር።

እንግዲህ ነገ ጠዋት አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። የብሎክሽን ኮሚቴ ኮሚናሉ መቼ መቼ ባዶ እንደሆነ ጠይቂ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነም አረጋግጪ። ከዚያ ከጎንሽ ያለችውን ጎረቤት በር አንኳኪና ለበርበሬው ስንት ኪሎ እንደምትፈልግ ጻፊላት።