የጓሮ ቅጠል ኮክቴል ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ላይ ኮክቴል ሲበላሽ ጣት የሚቀሰረው አረቄው ላይ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ ቅጠሉን እጠረጥራለሁ። መነሻ ልኬቱ ይኸው፦ 2 መለኪያ አረቄ ወይም ጅን፣ 1 መለኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 መለኪያ ሽሮፕ (በውሃ የተበጠበጠ ስኳር)። ዳግም አረቄ ከሆነ ጠንካራ ነውና 1 ተኩል ይበቃዋል። ሽታው ቀለም ማቅጠኛን ከመሰለ ግን የትኛውም ቅጠል አይሸፍነውም፤ ይደፋ።

መረረ?
ናናው ተወቅጧል። ሲደቆስ ከመዓዛው ጋር የቅጠሉ ምሬት አብሮ ይወጣል፤ ግንዱማ ይብሳል። 8 ወይም 10 ቅጠል ቀንጥሱ፣ መዳፍ ላይ ዘርግታችሁ በሌላኛው እጅ አንዴ ጠፍ አድርጉት። ሽታው አፍንጫችሁ ጋ ከደረሰ በቃ፣ ብርጭቆ ውስጥ በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው። አሁንም ከመረረ ሎሚውን እዩ፤ ከልጣጩ ስር ያለው ነጭ ሽፋን አብሮ ተጨምቆ ይሆናል። ኪያር የገባበት ከሆነ ጫፉን ቆርጣችሁ ቅመሱ። መራራ ኪያር በስኳር አይድንም።

በሶብላው ጠቆረ?
ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ሲወርድ በሶብላ ጓሮ ውስጥ አይተርፍም። ፍሪጅም ያጠቁረዋል፣ ስለዚህ ግንዱን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ቤት ውስጥ አቁሙት። ሸዋ ሮቢት ዘመድ ያለው ሰው ከዚያ ያስመጣ፤ የሌለው ደግሞ በከንቱ አይታገል፣ ጦስኝ አለለት። ደጋውን ይወደዋል። ሽሮፑ ከእሳት እንደወረደ ጦስኙን ከነግንዱ ጨምራችሁ ሩብ ሰዓት ክደኑትና አጥልሉ።

ጤና አዳም ብቻ ሸተተ?
አልኮል የቅጠሉን ዘይት ከቡና በባሰ ፍጥነት ይመጠዋል። አንድ ትንሽ ዘለላ ነከር አድርጎ ማውጣት እንጂ ማሳደር የለም። ካለፈ በኋላ መፍትሄው ንጹህ አረቄና ሎሚ መጨመር ብቻ ነው። ስትቀጥፉትም ተጠንቀቁ፦ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል ይችላል።

ቀይ ስሩ አፈር አፈር አለ?
አፈር አፈር የሚያሰኘው ጂኦስሚን የተባለ ውህድ ነው፣ ልጣጩ ላይ ይበዛል። ወፈር አድርጋችሁ ላጡት፣ በጥሬው ፈቅፍቁና የሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ ትንሽ አቆዩት፤ አሲዱ ያለዝበዋል። መቀቀል አያስፈልግም። በዚህ ከፍታ ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ቀይ ስር ቶሎ አይበስልም፣ ከሰል ማባከን ነው።

ስኳሩ ታች ቀረ?
ስኳር በአልኮልና በቀዝቃዛ ነገር በደንብ አይሟሟም። እኩል ስኳርና ሙቅ ውሃ በጥብጡ። ማርም በብርድ ስለሚረጋ በሙቅ ውሃ ይቅጠን።

ውሃ ውሃ አለ?
ቲማቲምና ኪያር ራሳቸው ውሃ ናቸው። ጨምቃችሁ አጥልሉ፣ በረዶው ትልልቅ ይሁን። ቆንጠር ያለ ጨው ጣዕሙን ያወጣዋል።

አረፋ እምቢ አለ?
ጾም ከሆነና እንቁላል ነጩን ከተዋችሁ፣ ሽንብራ የተቀቀለበትን ወፍራም ውሃ 2 ሾርባ ማንኪያ ጨምሩና ያለ በረዶ አጥብቃችሁ ናጡት፤ በረዶው ከዚያ ይግባ። አምቦ ውሃ አብሮ አይናጥም፣ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። መጨረሻ ላይ ብርጭቆው ውስጥ ይቀዳ።