የድሮ መስፍ ማን ሠራው? ስትመረምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ቦታ መስፍ (ባለእጅ ብረት አስቀምጦ የሚቀጠቅጥበት ከባድ ብረት) ካገኛችሁ ሻጩ ከዋጋው አስቀድሞ ታሪኩን ያወራላችኋል። አዳምጡት። ብረቱን ሳታዩ ግን አትመኑ።

«የጣሊያን ነው» ሲባል እሺ ማለት

እኛ ዘንድ ያረጀ ብረት ሁሉ የጣሊያን ነው፤ ወሬው ከደመቀ ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ። ጣሊያኖች በዚህ በኩል ወደ አሰብ የሚወስደውን መንገድ ሠርተዋል፤ መሣሪያ ትተው ቢሄዱ አይገርምም። ግን ቅርፁን እዩ። የእንግሊዝ መስፍ ባብዛኛው ባለ አንድ ቀንድ ነው፤ ቀንድ የሚባለው ከጫፉ ሾሎ የወጣው ክፍል ነው። የጣሊያንና የጀርመን ብዙ ጊዜ ሁለት አለው፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ ባለ ማዕዘን። ሻጩንም «አባባ፣ ከማን ቤት ወጣ?» በሏቸው። «እንዲህ ይባላል» ካሉ እለፉት፤ «የአባቴ ነበር» ካሉ ቁጭ ብላችሁ አስወሯቸው።

ዝገቱን በግራይንደር መላጥ

ይሄ ያናድደኛል። የሠሪው ስም ጎኑ ላይ የተመታ፣ ብዙም ጥልቀት የሌለው ጽሑፍ ነው። ግራይንደር አንዴ ካለፈበት አለቀ። ላምባ ቀብታችሁ አሳድሩትና በሽቦ ብሩሽ በእጅ ፈትጉት። ሲደርቅ ጠመኔ አጋድማችሁ አሹበት፤ ብረቱ ይነጣል፣ ጽሑፉ ጠቁሮ ይቀራል። ማታ ባትሪ ከጎን ማብራትም ይሠራል። «ፒተር ራይት» የሚል ከወጣ እንግሊዛዊ ነው። የንስር ምስል ከወጣ የአሜሪካውን ፊሸር ጠርጥሩ።

ቁጥሩን ዓመተ ምሕረት ማድረግ

የእንግሊዝ መስፍ ላይ ያሉት ሦስት ቁጥሮች ክብደት ናቸው። የመጀመሪያው በ112 ፓውንድ ይባዛል፣ መካከለኛው በ28፣ የመጨረሻው እንዳለ ይደመራል። 1፣ 2፣ 10 ከሆነ 178 ፓውንድ፣ ማለትም 81 ኪሎ ገደማ ነው። መካከለኛው ከ3፣ የመጨረሻው ከ27 አይበልጥም፤ በልጦ ካያችሁ አንብባችሁ ስታችኋል። ሚዛን ላይ አውጡትና አመሳክሩ።

በመዶሻ ሲመታ ካልጮኸ «አይረባም» ማለት

ፊሸር አካሉ ቀልጦ የተቀዳ ብረት፣ ፊቱ አረብ ብረት ስለሆነ ድሮውንም አይጮህም።

የሐዲዱን ዓመት ለመስፉ መስጠት

ባለእጆቻችን ከሐዲድ ቁራጭም መስፍ ያበጃሉ። ጎኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው ስምና ዓመት ሐዲዱ የተሠራበት ነው። መስፍ የሆነው መቼ እንደሆነ የሚያውቀው የቆረጠው ባለእጅ ወይም ልጁ ነው።