ቅቤ ማውረጃ ይሁን፦ በደሴና በኮምቦልቻ ወጥ ቤት ቅቤ መቀነስ

ቅቤ የሚባክነው መጀመሪያ ላይ ነው። ከሽንኩርቱ ጋር ይገባና ወጡ ሰዓትና ሁለት ሰዓት ሲንተከተክ የኮሰረቱና የኮረሪማው ሽታ በእንፋሎት ይወጣል፤ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ቅባቱ ነው። ሲቀመስ «ቅቤ አንሶታል» ይባልና ሌላ ጭልፋ ይደገማል። ስለዚህ ማቁላያው ውሃና ጥቂት ዘይት ይሁን፣ ቅቤው ደግሞ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይግባ። የጾም ወጥ አሳምሮ የሚሠራ እጅ ግማሹን ሥራ ከወዲሁ ያውቀዋል።

ወደ ድስቱ ከመሄዳችን በፊት ስለ ዘይቱ አንድ ነገር እንወቅ። ንጥር ቅቤ ከሞላ ጎደል ሁለመናው ቅባት ነው፤ ከ100 ግራሙ 60 ግራም ያህሉ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ሳቹሬትድ የሚባለው ቅባት ነው። በሱፍ ዘይት ውስጥ ይኸው ቅባት ከ100 ግራም 11 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በፓልም ዘይት ውስጥ ግን ወደ 50 ግራም ይደርሳል። ቅቤውን ትቶ የፓልም ዘይት ማንቆርቆር እንግዲህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ደሴ ላይ ዘይቱን መለየት ቀላል ነው፦ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ የሚረጋው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ፓልም ነው፤ የሱፍና የኑግ ዘይት ግን እንደ ፈሰሰ ያድራል። ክብደት ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ይህን ይያዝ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትም ሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ዘይት የቅባቱን ዓይነት ይለውጣል እንጂ ካሎሪውን አያቀልም፤ ካሎሪ የሚቀንሰው መጠኑ ሲያንስ ብቻ ነው።

ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ምግብ ላይ ቅባት አትቀንሱ። የአራስ ገንፎንም ለአራሷ ተዉላት።

በጭልፋ መቅዳት ይቅር

ጭልፋ መለኪያ አይደለም። አንዱ 50 ሚሊ ሊትር ሲይዝ ሌላው 100 ይይዛል፤ እጅም እንደ ስሜቱ ይቀዳል። የሳምንቱን ቅቤ በትንሽ ብልቃጥ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ውስጡም አንድ የሾርባ ማንኪያ ይቀመጥ። የደሴና የኮምቦልቻ ቤት እዚህ ላይ ይለያያል። ደሴ ላይ ቅቤው ስለሚጠጥር ማንኪያው ቆርሶ ያወጣል፤ ተከምሮ የሚወጣው ማንኪያ የሁለት ማንኪያ ያህል ስለሚሆን በቢላ ጀርባ አስተካክሉት። ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ ቅቤው ላልቶ ሊፈስ ስለሚደርስ ብልቃጡን አዘንብሎ ማፍሰስ ይቀላል፤ ሳይታወቅ የሚበዛውም ያኔ ነው። ብልቃጡን ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት፣ በማንኪያ ብቻም ቅዱ።

ቁሌቱ

ለአንድ ዶሮ 1 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት በጣም ደቆ ይከተፍ። አከታተፉ ላይ አትቸኩሉ፤ ወጡን የሚያወፍረው በደንብ የሟሟ ሽንኩርት ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ውፍረት ከቅቤው የመጣ ይመስለዋል። ደረቅ ድስት ላይ ሽንኩርቱን ብቻ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሳችሁበት መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። ጨው ውሃውን ቶሎ ያስለቅቀዋል። ክዳኑን ገጠም እያደረጋችሁ አማስሉ። መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ውሃው ይደርቃል፣ ከዚያ ድስቱን መያዝ ይጀምራል። በያዘ ቁጥር ሁለት ሦስት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ የያዘውን ፈግፍጉ፤ ያ ቡናማ የያዘ ነገር ጣዕም ነው፣ ጥቁር እስካልሆነ ድረስ። ቀዝቃዛ ውሃ ድስቱን ያበርደዋል፣ ሽንኩርቱም ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ሽንኩርቱ ቅርጹን ጥሎ እንደ ማርማላታ ሲሆን ደርሷል።

አሁን 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ዘይቱ ሲግል 6 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። ይህንን ዘይት ጨርሶ መተው ስህተት ነው። የበርበሬ ቀለምም ሆነ ሽታው የሚወጣው በቅባት ስለሆነ ያለ ቅባት የተቁላላ በርበሬ ጥሬ ጥሬ ይሸታል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል፣ ቶሎም ያርራል። ያረረ በርበሬ ደግሞ መራራ ነው፤ ምንም ቅቤ አያስተካክለውም። ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ ሌላ 25 ደቂቃ አቁላሉ፤ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ዶሮው።

ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና መከለሻውን ጨምሩ፣ አንዴ አማስሉ፣ ክደኑ። እንግዳ ሲመጣ ዓይን የሚያየው ከላይ ቀይ ሆኖ የሚንሳፈፈውን ቅቤ ነው፤ ይህን ለማስቀረት የሚያፍር ብዙ ቤት አለ። መጨረሻ የገባ ቅቤ ከሽንኩርቱ ጋር ስላልተዋሐደ ከላይ ይቆያል፣ የበርበሬውንም ቀለም ይስባል። ሁለት ማንኪያው ገበታ ላይ በዝቶ ይታያል። እንደገና ከተንተከተከና ከተማሰለ ግን ይሰወራል፤ ለነገ የሚቀመጥ ወጥ ከሆነ ቅቤውን ነገ ሲሞቅ ጨምሩ።

የቅቤ ቅመም በዘይት

የምንወደው የቅቤ ሽታ ገሚሱ የቅመሙ ነው፣ ቅመሙንም ዘይት ይቀበለዋል። ግማሽ ሊትር የሱፍ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ኮሰረት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ በሶብላ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ነጭ አዝሙድ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ እርድ። የኑግ ዘይትም ይሆናል፤ የራሱ ጠንካራ ጣዕም ስላለው ግን ኮሰረቱን ይጫነዋል።

እሳቱ ላይ ተጠንቀቁ። ለጋ ቅቤ ሲነጠር ውስጡ ያለው ውሃ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱን ይዞ ያቆየዋል፤ ውሃ ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ገደማ ስለሚፈላ ቅመሙ በዚያ ሙቀት ቀስ ብሎ ይበስላል። ዘይት ውስጥ ውሃ የለም። ቅቤ በምታነጥሩበት እሳት ላይ ከጣዳችሁት ሙቀቱ ሽቅብ ይሄድና ኮሰረቱ በደቂቃ ይጠቁራል። ስለዚህ ዘይቱንና ቅመሙን በትንሽ ድስት አድርጋችሁ ውሃ የሚፈላበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጡት፣ 45 ደቂቃ ይቆይ፣ በሳሳ ንጹህ ጨርቅ አጥልሉት። ነጭ ሽንኩርትና እርጥብ ዝንጅብል እዚህ ውስጥ አይግቡ፦ በዘይት ተሸፍኖ ከእሳት ውጭ የሚቀመጥ ነጭ ሽንኩርት አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል፣ ሽታውም አያስታውቅም። ሁለቱም ለማንኛውም በወጡ በኩል ይገባሉ።

የተጠለለውን ዘይት 3 እጅ፣ እውነተኛ ንጥር ቅቤ 1 እጅ አድርጋችሁ ሞቅ እንዳለ ቀላቅሉ። ለፍርፍር፣ ለቀይ ምስር፣ ለአልጫና ለሽሮ ይህ ቅይጥ ይበቃል። ከሰኞ ገበያ የገዛችሁት ቅቤ በዚህ መንገድ ብዙ ስለሚቆይ፣ ከብዙ መናኛ ይልቅ ጥቂት ደህና ቅቤ መርጦ መግዛት ይቻላል።

ሽሮ ላይ ለ4 ሰው 1 የሻይ ማንኪያ ቅቤ ሲወርድ በቂ ነው፤ ልስላሴው ከመንተክተክ ስለሚመጣ ከ25 ደቂቃ በፊት አታውርዱ። ገንፎ ላይ ጉድጓዱን አጥብቡት። ሰፊ ጉድጓድ ካልሞላ ጎደሎ ይመስላል፤ የቡና ሲኒ አፍ የምታህል ጉድጓድ ግን በ2 የሾርባ ማንኪያ ትሞላለች፣ ዙሪያውን እርጎ አድርጉበት። ጨጨብሳ ቅቤ የሚጠጣው ቂጣው ሲደርቅ ነው፦ ቂጣውን እንደሞቀ ቆራርሱ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ እረጩበት፣ ከዚያ በርበሬ የገባበት 1 ማንኪያ ቅቤ ጨምራችሁ በክዳኑ አራግፉት። ክትፎን ግን አትነካኩት፤ ቅቤው የተቀነሰበት ክትፎ ደረቅ ሥጋ ነው፣ አልፎ አልፎ አነስ አድርጎ መብላት ይሻላል።

ኬክ

የደሴ ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ፣ የኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ነው። በከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ኬክ ቶሎ ይነፋል፤ ቅቤና ስኳር ሲበዛበት ደግሞ ገላው ይደክምና መሃሉ ይሰምጣል። ቅቤ መቀነስ እንግዲህ ደሴ ላይ ለኬኩም ይጠቅመዋል።

200 ግራም የገበታ ቅቤ በሚጠይቅ ኬክ ፈንታ ይህን ያዙ፦ 250 ግራም ፊኖ ዱቄት፣ 170 ግራም ስኳር፣ 4 እንቁላል፣ 150 ግራም ወፍራም እርጎ፣ 60 ሚሊ ሊትር የሱፍ ዘይት፣ 50 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቤኪንግ ፓውደር ለደሴ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ለኮምቦልቻ 1 ተኩል። እርጎው ቀጭን ከሆነ በጨርቅ 1 ሰዓት አንጠልጥሉት። ቅመም ያለበት ንጥር ቅቤ አይሆንም፣ ኬኩ ኮሰረት ኮሰረት ይላል።

50 ግራሟ ቅቤ የ200ውን ሽታ እንድትሰጥ በዝግታ አቅልጧት። መጀመሪያ ትንጫጫለች፤ ይህ ውሃው ነው። ድምፁ ጋብ ሲል አረፋው ይወርዳል፣ ከታች ያለው የወተት ዝቃጭ የማር ቀለም ይይዛል፣ የተቆላ ለውዝ የመሰለ ሽታ ይመጣል። ያኔውኑ ዝቃጩን ጨምሮ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ገልብጧት፤ ድስቱ ላይ ከቆየች በራሱ በድስቱ ሙቀት ትጠቁራለች።

እንቁላሉንና ስኳሩን ነጣ ብሎ እስኪወፍር 5 ደቂቃ ምቱ። ቅቤና ስኳር ተመትቶ የሚይዘውን አየር አሁን የሚይዘው እንቁላሉ ስለሆነ ይህን አታሳጥሩ። ዘይቱንና ቅቤውን በቀጭኑ አፍስሱ፣ እርጎውን ጨምሩ፤ ዱቄቱን ከሶዳውና ከፓውደሩ ጋር ነፍታችሁ በማንኪያ እየገለበጣችሁ አዋህዱ። ነጭ ዱቄት መታየቱ ሲቆም አቁሙ። በ180 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ፤ ከ30ኛው ደቂቃ ጀምሮ በስንጥር ፈትሹ፣ ቅባቱ ያነሰ ኬክ ቶሎ ይደርቃልና።

ኬኩ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ዱቄቱ ከገባ በኋላ ብዙ ተመትቷል፣ ወይም ከቅባቱ ከግማሽ በላይ ወጥቷል፤ ዱቄቱ እንዳይለጠጥ የሚይዘው ቅባት ነው። መሃሉ ከሰመጠ ፓውደሩን በሩብ የሻይ ማንኪያ ቀንሱ። ኩኪስ ላይ ከሩብ በላይ ቅቤ አትቀንሱ፣ ድንጋይ ይሆናል። ድፎ ዳቦ ሊጡ ውስጥ ቅቤ አያስፈልገውም፦ እንደወጣ 1 የሻይ ማንኪያ ቅቤ ከላይ ቀቡትና በጨርቅ ሸፍኑት፤ እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፣ ሽታውም ጨርቁ ሲነሳ ይመጣል።