ባዶ ሲሆን የሚነሳ፣ አየር ሲይዝ የሚያጉረመርም ኮምፕሬሰር

የወርክሾፓችን የአየር ኮምፕሬሰር ታንኩ ባዶ ሲሆን ያለችግር ይነሳል። 8 ባር ሞልቶ ይቆማል። ግፊቱ ወደ 6 ባር ወርዶ እንደገና ሊነሳ ሲል ግን ሞተሩ ያጉረመርማል፣ አይዞርም፣ ብሬከሩ ይወርዳል። ቀናት የበላ ችግር ስለሆነ ሌላው እንዳይለፋበት ልጻፈው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ካፓሲተር ነበር። ስለካው ደህና ነው። ለማንኛውም በአዲስ ቀየርኩት፤ ለውጥ የለም። ማራዘሚያ ገመዱን ትቼ በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ያው ነው።

ፍንጩን የሰጠኝ ድምፅ ነው። ሞተሩ ሲቆም ፕሬዠር ስዊቹ (በግፊቱ መጠን ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው) ስር ካለችው ትንሽ ቫልቭ አየር ለአፍታ "ጭስስ" ብሎ መቆም አለበት። የእኛው ግን አያቆምም። ይህ ማለት የታንኩ አየር በቼክ ቫልቩ (አየር ወደ ታንኩ አስገብቶ እንዳይመለስ የሚዘጋው) በኩል ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ፒስተኑ ላይ ግፊት ስለሚቀር ሞተሩ ለመነሳት አቅም ያጣል። እዚህ ጋ ፕሬዠር ስዊቹን ለመቀየር አትቸኩሉ፤ የእኛ ስዊች ጤነኛ ነበር።

ኮምፕሬሰሩን ከሶኬት ነቀልኩ። ጌጁ ዜሮ እስኪል ታንኩን አስተነፈስኩ። ይህን ሳታደርጉ ቫልቩን በፍጹም እንዳትነኩ! ቼክ ቫልቩን ስፈታው የውስጡ ጎማ ጠርዙ ተበልቷል፣ የዝገት ፍርፋሪም ተጣብቆበታል። ጎማው ከተበላ ማጽዳት ብዙ አያዛልቅም። ጥርሱ ተመሳሳይ የሆነ አዲስ ገዝቼ፣ ቴፍሎን ጠቅልዬ አሰርኩት። መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ። አሁን ጭስታው ወዲያው ይቆማል፣ ሞተሩም 6 ባር ላይ በአንዴ ይነሳል።