«እስቲ አምጣው» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ልጆችን ለፈጠራና ለሥራ ስናበረታታ ከአንዲት ቡችላ የተማርሁት

በጳጉሜን ልጆች ወረቀትና ቀለም ዘርግተው መሬት ላይ ተደፍተው አደይ አበባ ሲስሉ የሚያይ ሰው፣ የብዙዎቻችንን የመጀመሪያ ንግድ እያየ መሆኑን ልብ አይለውም። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ወረት አለው፤ ወረቀቱና ቀለሙ ነው። ደንበኛም አለው፤ የትኛው ጎረቤት በማለዳ እንደሚነሣ፣ ከየትኛው ቤት ድፎ ዳቦ ብቻ፣ ከየትኛው ደግሞ ብር እንደሚገኝ ልጆቹ አስቀድመው ያውቃሉ። ከቤት ቤት ዞረው ሲጨርሱም ተቀምጠው ይካፈላሉ። ላለፉት 11 ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 13 የሆኑ ልጆች በካርቶን፣ በሽቦ፣ በጨሌና በቀለም የሚሠሩበትን አንድ ክፍል አዲስ አበባ ውስጥ ስመራ ቆይቻለሁ፤ የመፍጠርና ሠርቶ የማግኘት ፍላጎት የሌለው ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም። የገጠመኝ ያንን ፍላጎት በቅንነት የሚያዳክም አዋቂ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ እኔ ነበርሁ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ስለሆንን፣ ልጅ ሲያቦካ እያዩ እጅን መሰብሰብ ይከብደናል።

ከሦስት ዓመት በፊት የግቢያችን ጥበቃ አንዲት የሁለት ወር ቡችላ ይዘው መጡ፤ ልጆቹም በቀለሟ ምክንያት ቡላ አሏት። ልጅ ቡችላ አይደለም፣ እንደ ቡችላም አይሠለጥንም። ነገር ግን ልጅ ቅር ሲለው እንኳ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» ይላል፤ ቡችላ ይሉኝታ ስለሌላት ያደረስንባትን ነገር ሳትደብቅ በጠባይዋ ታሳያለች። ከልጆች ፊት ለዓመታት ያላነበብሁትን ቡላ ላይ በወራት ውስጥ አነበብሁት።

የልጁን ሥራ ከእጁ መውሰድ

ከሁሉ አብዝቼ ያየሁትና አሁን ልታገሠው የማልችለው ስህተት በሁለት ቃል ይጀምራል፤ «እስቲ አምጣው»። አባት ልጁን ሊወስድ ይመጣል፤ ልጁ ከሽቦ መኪናው ጎማ ጋር ሲታገል ያያል፤ ጎማው ጠማማ ነው። አባት ሥራ ይወዳል፣ ልጁንም ይወዳል፤ ስለዚህ ተንበርክኮ ፒንሳውን ይቀበልና በአምስት ደቂቃ ያቃናዋል። ባለፈው ዓመት ይህ በፊቴ የሆነበት የ9 ዓመት ልጅ አባቱን አመሰገነ፣ መኪናውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ፣ በቀጣዩም ቅዳሜ ዞር ብሎ አላየውም። ሦስት ቅዳሜ የለፋበት ነገር ጎማው በተቃናበት ቅጽበት የአባቱ ሆነ። ጠማማው ጎማ የልጁ ነበር! ሽቦው ሁለት ጊዜ ካልተጠመዘዘ እንደሚላላ በራሱ ጣት ሊደርስበት ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ያንን እውቀት ወስደን በምትኩ ያማረ መኪና ሰጠነው። ይኸው ነገር እናት የመልአኩን ክንፍ «ትንሽ ላስተካክልልሽ» ስትልም ይደገማል። ለትምህርት ቤት የሚቀርበውን ሞዴል ወላጆች ሌሊቱን ሠርተው፣ አንዳንዶችም በገንዘብ አሠርተው፣ ጠዋት ልጁን ሲያሸክሙት ደግሞ ይብሳል፤ ያ ልጅ የተማረው ሥራ ማለት ሌላ ሰው ሠርቶ የሚያስረክብህ ነገር መሆኑን ነው፤ ለዚህም ማርክ ተሰጥቶታል።

ከክፍላችን ወደ ግቢው የሚያወርዱ ሦስት ደረጃዎች አሉ። ቡላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከላይ ቆማ ስታለቅስ ልጆቹ እያቀፉ ያወርዷት ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ መሞከሩን ትታ፣ ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚያቅፋትን ሰው መጠበቅ ጀመረች። ጥበቃው «ተዉአት፤ ከታች ሆናችሁ ጥሯት» አሉ። በሆዷ እየተንሸራተተች፣ አንድ ጊዜም በአፍንጫዋ ተደፍታ፣ በሁለተኛው ቀን ወረደች፤ ከዚያ በኋላ ያንን ደረጃ ያለ ምንም ጉዳይ ስትወጣና ስትወርድ ትውል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በውሾች ላይ አንድ ጭካኔ ያለበት ሙከራ አድርገው ነበር። ምንም ቢያደርጉ ሊያቆሙት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ያለፉት ውሾች፣ በኋላ ዝቅተኛ አጥር ዘልለው ማምለጥ በሚችሉበት ስፍራ እንኳ አብዛኞቹ ሳይሞክሩ ተኝተው ተቀበሉት፤ ንዝረቱን በራሳቸው እንቅስቃሴ ማቆም ችለው የነበሩት ግን ዘለሉ። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ተመልሰው የራሳቸውን የቀድሞ ትርጓሜ አረሙ፤ እጅ መስጠት በትምህርት የሚመጣ ሳይሆን በረዘመ መከራ ውስጥ በራሱ የሚከሰት ነው፤ በትምህርት የሚመጣው የራስ ድርጊት ለውጥ እንደሚያመጣ ማወቁ ነው አሉ። የአባት እርዳታ ንዝረት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ቢታገልም ባይታገልም ጎማው በአባት እጅ የሚቃና ከሆነ፣ ድርጊቱ ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያውቅበት አጋጣሚ በከንቱ ያልፈዋል። እኔ አሁን ልጅ ሲቸገር ሳይ እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ «የቱ ጋ ነው እንቢ ያለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ማሳየት የግድ ከሆነም በሌላ ቁራጭ ሽቦ እንጂ በእርሱ መኪና ላይ አላሳይም።

ለሚወደው ነገር ደመወዝ መቁረጥ

«አንድ ሥዕል ከሣልህ አሥር ብር እሰጥሃለሁ» የሚል ወላጅ ልጁን ያበረታታ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ሥዕል የሚወዱ ልጆችን ከሦስት ከፍለው ነበር። አንደኛው ቡድን ከሣለ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት እንደሚያገኝ ቃል ተገባለት፤ ሁለተኛው ያልጠበቀው ሽልማት ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሞቹ በነጻ የጨዋታ ሰዓት ሲቀርቡ፣ ቃል የተገባላቸው ልጆች በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር።

ቡላን «ነይ» የሚለውን ቃል ስናስተምር ቁራጭ ሥጋ እንሰጣት ነበር፤ መምጣት ለእርሷ በራሱ ጣዕም ያልነበረው ትእዛዝ ስለሆነ ይህ ተገቢ ነው። ባዶ ሃይላንድ እያንከባለለች ግማሽ ቀን እንድትጫወት ግን ማንም አልከፈላትም። ከዚህ ተነሥቶ ገንዘብ ከልጅ ይራቅ የሚል ካለ አልስማማም። ጎረቤት ለሥዕሉ የሚሰጠው ብር ልጁ ለሌላ ሰው የጠቀመ ወይም ያስደሰተ ነገር መሥራቱን ይነግረዋል፤ ወላጅ ለመሣሉ የሚከፍለው ብር ግን መሣል ካልተከፈለበት የማይሠራ አሰልቺ ሥራ መሆኑን ይነግረዋል።

እውነቱን የማይነግረው ገዢ

አንዲት ልጅ ለሽያጭ የሠራቻቸውን አምባሮች አክስትና አያት ተሰብስበው በአንድ ቀን ገዝተው ሲጨርሱላት፣ ዕቃዋ ተፈላጊ መሆኑንና አለመሆኑን የምታውቅበትን መንገድ ይዘጉባታል። ቡችሎች ሲጫወቱ አንዷ አጥብቃ ከነከሰች ሌላዋ ጮኻ ጨዋታውን ታቆማለች፤ የንክሻን ልክ የሚማሩት እንዲህ ነው። የማያውቃት ሰው «ክሩ ይላላል» ሲላት ልጅቷን የሚጠቅማት ያ ጩኸት ነው፤ አክስት ይህን ማለት ካልቻሉ አንድ ብቻ ገዝተው ይሂዱ።

ባዶ ውዳሴም ከዚሁ ይቆጠራል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ የ5ኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ካቃታቸው በኋላ ውጤታቸው ሲወርድ፣ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን በርትተው ቀጥለዋል። «ጎበዝ» ከማለት «ክንፉን ሦስት ጊዜ ደጋግመህ ነው የሠራኸው» ማለት ይሻላል።

መጥቶ የነገረንን መቅጣት

ይህን የምጽፈው እያፈርሁ ነው። አንዲት የ10 ዓመት ልጅ ስምንት የጨሌ አምባሮችን በ15 ብር ሒሳብ ለክፍል ጓደኞቿ ሸጠች፤ ሦስቱ ከፈሉ፣ አምስቱ በዱቤ ወሰዱ። 75 ብር መሰብሰብ እንዳቃታት ቅዳሜ ራሷ መጥታ ነገረችኝ። እኔም በጓደኞቿ ፊት «ንግድ እንዲህ አይሠራም» ብዬ ረጅም ምክር ጀመርሁ። በቀጣዩ ቅዳሜ ስጠይቃት «ሁሉም ከፍለዋል» አለች፤ ብሩንም ቆጥራ አሳየችኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከወር በኋላ እናቷ እንደነገሩኝ፣ ለመክሰስ የሚሰጧትን ገንዘብ ሳትበላበት እያጠራቀመች ነበር ጉድለቱን የሞላችው። ኪሳራን መደበቅ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ በቡላ ነው። አንድ ቀን የጥበቃውን ጫማ አኝካ አገኟትና በስሟ ጠሯት፤ ጭራዋን እየቆላች መጣች፤ በዚያው ጫማ መቷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ቡላ ነይ» ሲባል የቆመ መኪና ሥር ትገባ ነበር። ውሻ ቅጣትን የምታገናኘው በዚያች ቅጽበት እያደረገች ካለችው ነገር ጋር ነው፤ እርሷም ስትመታ እያደረገች የነበረው ጫማ ማኘክ ሳይሆን ተጠርታ መምጣት ነበር። ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀብን፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስትመጣ ሁልጊዜ መልካም ነገር እንድታገኝ፣ ለማጠብ ወይም ለማሰር ሲያስፈልግ ግን እኛ ወደ እርሷ እንድንሄድ ተስማማን። ልጅ የቁጣችንን ምክንያት ከውሻ አብልጦ ይረዳል፤ ቢረዳም ግን እንደገና ይዞ አይመጣም። አሁን አንድ ልጅ ከሰርሁ ብሎ ሲመጣ «ስለ ነገርኸኝ አመሰግናለሁ» ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ደብተር ከፍተን ስንት እንደነበረው፣ ስንት እንደቀረው፣ ማን እንዳልከፈለው አብረን እንጽፋለን። ስለ ዱቤ አደገኛነት መናገር አያስፈልገኝም፤ ደብተሩ ይናገራል።

ከልክሎ መተው

የቡችላ 28 የወተት ጥርሶች በጥቂት ወራት ውስጥ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ በዚያ ወቅት ማኘክ ጥፋት ሳይሆን ግዴታ ነው። ጫማውን ነጥቆ ገመድ ያልሰጠ ሰው ነገ ወንበሩ ይታኘክበታል። ሬዲዮ የሚፈታ ልጅም «አትንካ!» ብቻ ከተባለ ተደብቆ ይፈታል፤ ስለዚህ የተበላሸ ሬዲዮ፣ አንድ ካቻቢቴና ብሎኖቹን የሚያስቀምጥበት ቆርቆሮ ይሰጠው። ከመብራት ጋር የተያያዘ ነገር፣ አሮጌ ቴሌቪዥንና ያበጠ የስልክ ባትሪ ግን በምንም መንገድ አይሰጡም። ዛሬ በሶፍትዌርና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራዋ የምትታወቀው ቤተልሔም ደሴ ሐረር ውስጥ በልጅነቷ ከኮምፒዩተር ጋር የተዋወቀችው በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ነው፤ ዕቃው ተቆልፎባት ቢሆን ኖሮ ያ ትውውቅ አይኖርም ነበር።

አጭር ማስጠንቀቂያ የሚበቃቸው

ልጁን ከታላቅ እኅቱ ጋር አታወዳድሩት። ቅዳሜና እሑዱን በማስጠኛ ትምህርት ከጠዋት እስከ ማታ አትሙሉበት፤ ቡችላ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ተኝታ የምታሳልፈው እያደገች ስለሆነ ነው፣ ልጅም ሥራ ፈትቶ ጣሪያ የሚያይበት ሰዓት ያስፈልገዋል።

ጭንቀትን ፈጠራ ብሎ መጥራት

ቆሎና ሶፍት የሚያዞርን ወይም የሊስትሮ ሣጥን የተሸከመን የ10 ዓመት ልጅ እያሳዩ «ተመልከት፣ እርሱ ከአሁኑ ነጋዴ ነው» ብለው ልጆቻቸውን የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ይህን ስሰማ ያመኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር የሚከለክለው በበቂ ምክንያት ነው። እኔ የምለይበት መንገድ አንድ ጥያቄ ነው፤ ልጁ ይህን ሥራ ዛሬ ቢተው ቤት ውስጥ እራት የሚያጣ ሰው አለ? ካለ፣ ያ ልጅ የተሸከመው የአዋቂ ሸክም ነው፤ የሚገባውም እርዳታ እንጂ አድናቆት አይደለም።

«ላስቀምጥልህ»

በእንቁጣጣሽ ምሽት በብዙ ቤት የሚሆነውን ሁላችንም አልፈንበታል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ዞሮ ያገኘውን ብር እናት ወይም አባት «ላስቀምጥልህ» ብለው ይቀበላሉ፤ ብሩ ለዘይት ወይም ለትራንስፖርት ይውላል፤ ልጁም ሁለተኛ አይጠይቅም። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ቸግሮት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ልጁ በቀጣዩ ዓመት ያገኘውን በዚያው ዕለት በከረሜላ ጨርሶ ሲመጣ «ገንዘብ አያያዝ አያውቅም» ብሎ መቆጣት አይገባም። ቡላ ስትበላ ልጆች ለጨዋታ ሳህኗን ይወስዱባት በነበረ ጊዜ ሳታላምጥ መዋጥና ማጉረምረም ጀምራ ነበር፤ ጠባይዋ የተመለሰው ወደ ሳህኗ የሚቀርብ ሁሉ ሳይነካባት አንድ ቁራጭ ጨምሮላት እንዲሄድ ከተደረገ በኋላ ነው።

የልጁን ብር ወስዳችሁ ከነበረ ስንት እንደሆነ ከእርሱ ጋር ተቀምጣችሁ ደብተር ላይ ጻፉት፤ የጻፋችሁትንም ከሚቀጥለው ጳጉሜን በፊት፣ ወረቀትና ቀለም በሚገዛበት ሰዓት፣ በእጁ ቆጥራችሁ መልሱለት።