ሌሊት ለሚቀሰቅስ ሳል የበላሁትና የተውኩት

ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ሲገባ ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋኑ በአምስት ቀን ለቀቀኝ፣ ሳሉ ግን አብሮኝ ሰነበተ። ቀን ደህና እውላለሁ፤ ማታ ጋደም ስል ይነሳብኛል።

ከሁሉም የጠቀመኝ ተልባ ነው። ለቅማችሁ በምጣድ አምሱት። መንጫጫት ሲጀምር አውርዱት፤ ካረረ ይመራል። ወቅጣችሁ ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት። ትንሽ ሲቆይ ይዝለገለጋል። ገለባውን አጥልላችሁ አንድ ማንኪያ ማር ጨምሩበት። እናቴ "በአንዴ አትጨልጪው፣ ጉሮሮሽን እያስነካሽ ዋጪው" ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ የሚያሳክከው ጉሮሮ ለስለስ ሲል ይታወቃል።

አደራ፣ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አትስጡ። በጣት እንኳን አታስልሱት። ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

በተረፈ የጦስኝ ሻይ፣ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ የምስር ሾርባ ጥሩ ነው። ዝንጅብል አንዲት ቁራጭ ይበቃል፤ ሲበዛ ያቃጥላል። ጾም ለማይጾሙ ልጆች ደግሞ ወተት አትከልክሉ። አክታ ያበዛል ይባላል እንጂ አያበዛም። ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ አፍ ውስጥ ወፈር ስለሚል ነው እንደዚያ የሚመስለን።

ሚጥሚጣና አዋዜ ለጊዜው ይቅሩ። እኔን ግን ከበርበሬው በላይ የጎዳኝ እራት ሰዓቴ ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት በልቼ ወዲያው እተኛለሁ። ሆድ ሞልቶ ሲተኙ አሲዱ ወደ ጉሮሮ ይመለስና ሳል ይቀሰቅሳል። እራቴን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳመጣው እንቅልፍ አገኘሁ።

ቡና ጠጡ፣ ጭሱን ግን ራቁት። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥሉት፣ እጣኑንም ለጥቂት ቀን ተዉት። እኔ ቤት መስኮት ተዘግቶ እጣን የተጨሰ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ስስል ነው ያደርኩት።

ከሌላ ሰው የተረፈ አሞክሳሲሊን አትዋጡ፤ ለጉንፋን ሳል አይሠራም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ጤና ጣቢያ ሂዱና የቲቢ ምርመራ ይደረግላችሁ። ደም ከቀላቀለ፣ ወይም ልጅ ሲተነፍስ ጎኑ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ተልባም ማርም ሳትሉ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ሂዱ።