የመኪና መስታወት አልወጣም ሲል፦ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት

መስታወቱ ግማሽ ላይ ቆሞ አልወጣም አልወርድም ሲል ብዙ ሰው ጥፋቱን ወዲያው በሩ ውስጥ ባለው የመስታወቱ ሞተር ላይ ይጥላል። ሞተሩ ግን መጨረሻ ላይ መጠርጠር ያለበት ነው። ከእሱ በፊት ፊውዝ አለ፣ ስዊች አለ፣ ከቦዲው ወደ በሩ የሚሻገር ሽቦ አለ፣ በአቧራ የታፈነ ጎማ አለ። ጎንደር ላይ ደግሞ ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ የግድ ነው፤ ለመኪናዎ የሚሆነው ዕቃ ከተማው ውስጥ ከታጣ የሚመጣው ከባሕር ዳር፣ ካልሆነም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከአዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ነው። ሞተሩን አስመጥተው ከገጠሙ በኋላ ጥፋቱ የተበጠሰ ሽቦ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡም የጠበቁት ቀንም ባከነ።

ሳይፈቱ ማዳመጥ

ቁልፉን ኦን ላይ ያድርጉ፣ ሬዲዮውን ያጥፉ፣ ጆሮዎን ወደ በሩ አስጠግተው ስዊቹን ይጫኑ። የሚሰሙት ድምፅ ግማሹን ምርመራ ይጨርስልዎታል።

ሞተሩ ሲዞር እየተሰማ መስታወቱ ካልተነቃነቀ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው፤ የተበጠሰው መስታወቱን የሚያነሳውና የሚያወርደው ማንሻ ገመድ ነው፣ ወይም የተበላው ጥርሱ። የመፈጨት ዓይነት ድምፅ ካለ ገመዱ ተተርትሮ በፕላስቲኩ መዘውር ላይ ተጠላልፏል፤ እንደዚህ ሆኖ ደጋግመው ቢጫኑት ቀሪውንም ይሰብረዋል። ለአፍታ አቃስቶ ዝም ካለ፣ በዚያችው ቅጽበትም የመኪናው የውስጥ መብራት ደብዘዝ ካለ፣ ሞተሩ ኃይል እያገኘ ነው፤ መስታወቱን አንድ ነገር ይዞታል። ምንም ድምፅ ከሌለና መብራቱም ካልደበዘዘ ኃይሉ ሞተሩ ዘንድ አልደረሰም፣ ወይም የሞተሩ ካርቦን (ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው የሞተሩ ክፍል የሚያሻግረው ቁራጭ) አልቋል።

ከዚያ መስታወቱን በሁለት መዳፍዎ ከውስጥም ከውጭም ጨብጠው ወደ ላይ ይሳቡ። ጤነኛ ማንሻ በእጅ አይነሳም፤ ሞተሩ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ይቆልፈዋል። በቀላሉ ተነስቶ ሲለቁት የሚወድቅ ከሆነ ገመዱ ተበጥሷል፣ ወይም መስታወቱን ከማንሻው ጋር የሚያይዘው ፕላስቲክ ተሰብሯል።

አንድ ተጨማሪ ዘዴ፦ ሌላ ሰው ስዊቹን ተጭኖ ይያዝልዎት፣ እርስዎ የበሩን ሽፋን ከስፒከሩ በላይ በቡጢ መታ መታ ያድርጉት። በዚያ ከተነሳ የሞተሩ ካርቦን ማለቁን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ተመልሶ ይቆማል።

ፊውዝ፣ ስዊች፣ ሽቦ

የሁሉም በር መስታወት አንድ ላይ ከቆመ በር መፍታት አያስፈልግም። መጀመሪያ በሹፌሩ በር ላይ ያለው የመስኮት መቆለፊያ ተጭኖ እንደሆነ ይዩ፤ እሱ ግን የሚዘጋው የሌሎቹን በሮች ስዊች እንጂ የሹፌሩን መስታወት አይደለም። ቀጥሎ ፊውዙ። የመስኮት ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 አምፔር ነው፤ ቢጫው 20፣ ነጩ 25፣ አረንጓዴው 30። የተቃጠለውን በዚያው ቁጥር ይተኩ። በሽቦ ቁራጭ ማያያዝ ወይም ከፍ ያለ ቁጥር መሰካት በሩ ውስጥ ያለውን ሽቦ ያቃጥላል፤ በዚህ ነገር ላይ ድርድር የለም። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ አንድ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት እየነካ ነው፣ ወይም አንዱ ሞተር ተጣብቋል።

የአንድ በር ብቻ ከሆነ ከሹፌሩ ስዊችም ከራሱ ስዊችም ይሞክሩት። የመስኮት መቆለፊያው ሳይጫን ከሹፌሩ ሠርቶ ከራሱ ካልሠራ የራሱ ስዊች ነው። ሰው የሚሳሳተው ግን ከሁለቱም ሳይሠራ ሲቀር ነው። ኮምፒውተር በማያዛቸው የቀደሙ መኪኖች ውስጥ የኋላው መስታወት ሞተር ኔጌቲቩን የሚያገኘው በሹፌሩ ስዊች በኩል አልፎ ነው። ስለዚህ የሹፌሩ ስዊች ንክኪ ከቆሸሸ የኋላው በር በራሱ ስዊችም አይሠራም። የኋላውን በር ፈትቶ ከመልፋት በፊት የሹፌሩን ስዊች ያጽዱ።

ስዊቹ የሚከፈተው ጎኖቹ ላይ ያሉትን የፕላስቲክ ጥርሶች በቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ገፋ በማድረግ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ይክፈቱት፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ምላሶችና ስፕሪንጎች ከተፈናጠሩ አይገኙም። የጠቆረውን መዳብ በ1000 ቁጥር ወይም ከዚያ በላይ በላመ የብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይሹት፣ ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ይጥረጉት፣ ሳይደርቅ አይግጠሙት። ሻይና ለስላሳ የፈሰሰበት ስዊች በዚህ ብቻ ይድናል። መዳቡ ጉድጓድ ከሠራ ግን መተካት ነው።

ከቦዲው ወደ በሩ የሚሻገረው ሽቦ በተጣጠፈ ጎማ ውስጥ ያልፋል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ስለሚታጠፍ ከዓመታት በኋላ ልባሱ ደህና ሆኖ ውስጡ ይበጠሳል፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚበጠሰው የሹፌሩ በር ነው። ስዊቹን ተጭነው እያሉ በሩን ቀስ ብለው ይክፈቱ፣ ይዝጉ። በአንድ ቦታ ላይ ብልጭ ብሎ ከሠራ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ጎማውን ከቦዲው በኩል ነቅለው እያንዳንዱን ሽቦ በጣትዎ ሳብ ሳብ ያድርጉ፤ የተበጠሰው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ሲጠግኑ የተበጠሰችው ነጥብ ላይ ብቻ አይቀጥሉት። ሊድ የነካው ሽቦ ይደርቃል፣ መታጠፊያው ላይ ከሆነ በወራት ውስጥ ይሰበራል። ከጎማው ወዲያና ወዲህ ቆርጠው፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በመሐሉ ያስገቡና ቅጥሉን ከጎማው ውጭ በካውያ በይደው በናስትሮ ይጠቅልሉ። ሁለት ሽቦ ከተበጠሰ ቅጥሎቹ ጎን ለጎን አይዋሉ፤ አንዱ ከሌላው ሦስት ጣት ይራቅ።

በሩን መክፈት

የሚያስፈልገው መስቀለኛና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ የ10 ቡሶላ ከእጀታው ጋር፣ ፒንሳ፣ ወፍራም ፕላስተር፣ አንድ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖልና ሁለት ሽቦ ነው። መልቲሜትር ካለዎት ይጨምሩ። አምስት ስድስት የሽፋን ክሊፕስ አስቀድመው ይግዙ፤ ያረጀ ክሊፕስ ሳይሰበር አይወጣም።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ሞርሴቶ ይፍቱና ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ። የጎን ኤርባግ ያላቸው መኪኖች ሽቦ በሩ አካባቢ ስላለ ይህን አይዝለሉት። ብሎኖቹ በሦስት ቦታ ይደበቃሉ፦ ከመክፈቻው እጀታ ጀርባ፣ በሩን በሚስቡበት ጎድጓዳ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከስፔኪዮው ጥግ ሽፋን ስር። እነሱ ከወጡ በኋላ ሽፋኑን ከታች ጥግ ጀምረው በክሊፕሶቹ አጠገብ ገፋ እያደረጉ ያላቅቁት፣ ከዚያ ወደ ላይ ያንሱት። ስዊቹና መክፈቻው ሽቦ አላቸውና በአንድ ጊዜ ጎትተው አይንቀሉት።

ከሽፋኑ ጀርባ የተለጠፈው ላስቲክ ቆሻሻ መስሏቸው ቀደው የሚጥሉት አሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዋጋውን ይከፍሉበታል። በመስታወቱ ጥግ የገባው ዝናብ በበሩ ውስጥ ወርዶ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ከሌለ ውሃው ወደ ስዊቹና ወደ ምንጣፉ ይዞራል። ጥቁሩን ማጣበቂያ በቢላ ቀስ ብለው ለይተው ሳይቀደድ ገልጠው ይያዙት።

አሁን ሞርሴቶውን መልሰው ኃይሉን በሞተሩ ሶኬት ላይ ይፈትሹ። ሁለት ወፍራም ሽቦ ባለው ሞተር ላይ አምፖሉን በሁለቱ ጫፎች አገናኝተው ስዊቹን ወደ ላይም ወደ ታችም ይጫኑ። በሁለቱም አቅጣጫ ደማቅ ከበራ ኃይሉ ደርሷል፣ ችግሩ ሞተሩ ወይም ከእሱ የሚቀጥለው ማንሻ ላይ ነው። በአንዱ ብቻ ከበራ ስዊቹ፤ ደብዘዝ ካለ የተበላ ሽቦ ወይም የቆሸሸ ንክኪ ነው። አምፖል ከመልቲሜትር የሚሻለው ለዚህ ነው፦ በአንዲት ክር ብቻ የተንጠለጠለ ሽቦ ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ 12 ቮልት ያሳያል፣ ጭነት ሲመጣ ግን ይሞታል። በመልቲሜትር የሚለኩ ከሆነ ሶኬቱ ሞተሩ ላይ እንደተሰካ ከኋላው ይለኩ፤ ከ9 ቮልት በታች ከሆነ ሞተሩ አልተበላሸም፣ በቂ ኃይል አልመጣለትም። ከሁለት በላይ ቀጫጭን ሽቦ ያለው፣ በአንድ ንክኪ ራሱ የሚወጣ መስታወት ሞተር ላይ ግን ይህን በአምፖል አይሞክሩ።

አቧራው

ከጥቅምት በኋላ ከአስፋልት ወጣ ባለ መንገድ የሚሠራ መኪና ሁሉ መስታወቱ የሚንሸራተትበት ጎማ ውስጥ አቧራ ይጠራቀማል። ክረምቱ ሲገባ አቧራው ጭቃ፣ ጭቃው እንደ ሸክላ ድርቅ ይላል። መስታወቱ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ከዚያ በአንድ ጎን ይዘማል፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየሳበ ይግላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። ተቃጠለ ተብሎ የተተካ ሞተር በዓመቱ እንደገና የሚቃጠለው ጎማው ስላልተነካ ነው። ከሦስት አራት ሰኮንድ በላይ የሚፈጅ፣ ከሌሎቹ በሮች የዘገየ መስታወት ገና ሲሠራ ማስታመም ከሁሉም ይረክሳል።

መስታወቱን ዝቅ አድርገው ቀጭን ጣውላ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው በሳሙና ውሃ የግራና የቀኝ ጎማውን ከላይ እስከ ታች ይጥረጉ፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደጋግሙት። ሲደርቅ ሲሊከን ስፕሬይ ይንፉበትና መስታወቱን አምስት ስድስት ጊዜ ያመላልሱት። የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ፣ ግራሶ ጎማ ላይ አይቀባም፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ አቧራውንም እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ግራሶ ቦታው የማንሻው ብረት ሐዲድ ነው፣ እዚያም ስስ አድርገው።

ማንሻውና ሞተሩ

መስታወቱን ከላይ አድርገው በበሩ ፍሬም ዙሪያ በወፍራም ፕላስተር ይለጥፉት፤ የሚይዙትን ሁለት የ10 ብሎኖች ከፈቱ በኋላ የሚወድቅበት የለውም። የበር መስታወት ጠርዙ ላይ በትንሹ ከተመታ ሙሉው ይበተናል፣ ስለዚህ ካወጡት ብርድ ልብስ ላይ እንጂ ድንጋይ ላይ አያስቀምጡት።

በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ያለው ማንሻ እንደ መቀስ የሚከፈት ክንድና ጠንካራ ስፕሪንግ አለው። ሞተሩን ከእሱ ላይ ከመፍታትዎ በፊት ጥርሱን ከሰሌዳው ጋር በብሎን ወይም በሞርሳ አስረው ይቆልፉት። ሳይታሰር ሞተሩ ከተነቀለ ክንዱ በቅጽበት ይወረወራል፤ ጣት የሚቆርጥ ጉልበት አለው። የገመድ ዓይነቱ ይህ አደጋ የለበትም፣ ግን ገመዱ ከተተረተረ አይቀጠልም፣ ማንሻው በሙሉ ይቀየራል።

የወጣውን ሞተር በ20 አምፔር ፊውዝ በኩል ከባትሪ ጋር በቀጥታ አገናኝተው ለአንድ ሁለት ሰኮንድ ያዙሩት፣ ሽቦዎቹን አቀያይረው ወደ ኋላም ያዙሩት። እዚህ በኃይል ከዞረ ሞተሩ ደህና ነው፣ የታሰረው ማንሻው ወይም ጎማው ነው። ካልዞረ የኋላ ክዳኑን ከፍተው ካርቦኑን ይዩ፤ ካርቦኑ አልቆ መዳቡ ካልተጎዳ ልኩ የሆነ ካርቦን ማስቀየር በቂ ነው። ውሃ ገብቶ ዝጎ ከሆነ አይድከሙበት።

ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ብዙ ጊዜ አይለዋወጡም፤ የሶኬቱ እግር ብዛትም መመሳሰል አለበት። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ሻጩ ፊት በባትሪ አሠርተው ይውሰዱ። ከሩቅ የሚላክልዎት ከሆነ የሦስት ነገር ፎቶ ይላኩ፦ የሶኬቱን፣ የሞተሩን ጥርስና የመያዣ ቀዳዳዎቹን።

መመለስ

የማንሻውን ብሎኖች መጀመሪያ በጣት ብቻ ያስገቡ። መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ያስወጡት፣ በፍሬሙ ውስጥ ልኩን ሲያገኝ ያን ጊዜ ያጥብቁ። አስቀድሞ የጠበቀ ማንሻ መስታወቱን ያዘምመዋል፣ በኮብልስቶን መንገድም ሲንቀጫቀጭ ይከርማል። ባትሪው ተፈትቶ ስለነበር በአንድ ንክኪ የሚወጣው መስታወት ልኩን ረስቶ ይሆናል፤ በብዙ መኪኖች እስከ መጨረሻ አውርዶ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻ አውጥቶ ስዊቹን ለጥቂት ሰኮንድ እንደያዙ መቆየት ያስታውሰዋል። ይህ ሳይሆን ሕፃን ወንበሩ ላይ አያስቀምጡ፤ እጅ ሲነካው የሚመለስበት ጥበቃ ላይሠራ ይችላል።

ሽፋኑን ከመግጠምዎ በፊት ከበሩ ስር ያሉትን የውሃ መውጫዎች በቀጭን ሽቦ ይውጉ፣ ላስቲኩን ዙሪያውን ጫን ጫን አድርገው ይለጥፉ። ከዚያ አንድ ጆግ ውሃ በተዘጋው መስታወት ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ውሃው ከበሩ ስር መንጠባጠብ አለበት፤ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ደረቅ ከሆነ ሽፋኑን ይግጠሙ።